አልነሳም ያለችው ሳጥን

ኪሊፊ፣ ማርች 3፣ 2022

ይድረስ ለመምህሬ ለምዋሊሙ ጄፍዋ፣

ከሰላምታው ይቅርታው ቀደመኝ። ሦስት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ቆይቼ ሲቸግረኝ ብዕር ማንሳቴ ያሳፍረኛል። እርስዎ ደህና ነዎት? ባለቤትዎ ማማ ዋኬሾስ? ዝሆኖቹ ዘንድሮ በቆሎውን ተዉላችሁ ወይስ እንደ አምናው ተካፈላችሁት?

«ምቤዩ ለምን አትደውልም?» ብለው የክፍል ጓደኛዬን መጠየቅዎን ሰማሁ። የማልደውለው ስልኬን ስለማላምነው ነው። ኢሜልም አልጽፍም። ይህን ወረቀት በቮይ አውቶቡስ የላክሁት ሌላ የማምነው መንገድ ስለሌለኝ ነው። እርስዎም ሲመልሱልኝ እንዲሁ ያድርጉልኝ። ፖስታው ላይ የኔ ስም ብቻ ይበቃል፤ ከአውቶቡሱ ቢሮ ራሴ እወስደዋለሁ።

ከሆቴሉ ሥራ ከወጣሁ ዓመት አለፈኝ። አሁን ያለሁት ከባሎቻቸው ሸሽተው የመጡ ሴቶች የሚጠለሉበት ቤት ውስጥ ነው። ኮምፒውተሮቹንና ኔትዎርኩን እኔ ነኝ የምይዘው። በሩ ላይ ስም የለውም። ጎረቤት የስፌት ትምህርት ቤት ይመስለዋል። አሁን አስራ አንድ ሴቶች አሉን። ከነሱ አንዷ ንዬቩ ትባላለች፤ ከመጣች አምስት ወር ሊሞላት ነው።

በፌብሩዋሪ አስራ አንድ በንዬቩ ስልክ ላይ ከባሏ መልእክት መጣ። እንዲህ ይላል፦ «መኪናው ከሩቅ ሲሰማኝ መጀመሪያ ሬድዮኑን እዘጋ ነበር፤ ምን አስቦ እንደመጣ ከእርምጃው ለማወቅ።» ሌላ ምንም የለውም። ይህ የራሷ የንዬቩ ቃል ነው። የተናገረችውም አንዴ ብቻ፣ በር ተዘግቶ፣ የቤቱ ኃላፊ ለሆነችው ለማማ ማፔንዚ ነው። ማማ ማፔንዚ በኮምፒውተር ጻፈችው፤ ከዚያ ውጪ የትም የለም። ሰውዬው ቃል በቃል መልሶ ላከላት።

የዚያኑ ቀን የኢንተርኔቱን ገመድ ነቀልኩት። ከኢንተርኔት ድርጅቱ የተሰጠን ራውተር ፓስወርዱ ከፋብሪካ እንደመጣ ነበር፤ በዚያ ገብቶ ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣ መቀየር ነበረብኝ። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ከዓለም ተቆርጧል። ግን ተቆርጠን መቆየት አንችልም። ማርች ሃያ አንድ ሞምባሳ ፍርድ ቤት ንዬቩ ትመሰክራለች። ዳኛዋ ከዚሁ ሆና በቪዲዮ እንድትናገር ፈቅደውላታል፤ እስከዚያ ቀን ለሱ ወገን እንዳይነገርም አዘዋል። ኢንተርኔት ከሌለን በአካል መሄድ አለባት፤ በአካል ከሄደች ደግሞ ደረጃው ላይ ይጠብቃታል። ባለፈው ጠብቋት ነበር። ያን ቀን የሆነውን እዚህ አልጽፈውም።

የተዘጋ የጉዞ ቢሮ ዕቃውን ሲሸጥ አንዲት የኔትዎርክ ሳጥን ገዛሁ። ብረት ናት፣ ወፍራም መጽሐፍ ታክላለች። እርስዎ ክፍል ውስጥ ያሳዩንን በነፃ የሚገኘውን ፋየርዎል፣ በገመዱ የሚገባውንና የሚወጣውን የሚጠብቀውን ፕሮግራም፣ በፍላሽ አድርጌ ሰካሁላት። መብራቷ ይበራል፣ ከዚያ ዝም። ስክሪን የሚሰካበት ቀዳዳ እንኳን የላትም። ትነሳ አትነሳ የማውቅበት መንገድ የለኝም። አራት ጊዜ ሞከርኩ።

አስራ ስምንት ቀን ቀርቶኛል። ማንን ልጠይቅ ብዬ ሳስብ ከእርስዎ ሌላ ሰው አልመጣልኝም።

ከኋላ ወንበር ትቀመጥ የነበረችው ተማሪዎ፣
ምቤዩ


ቮይ፣ ማርች 5

ልጄ ምቤዩ፣

ደብዳቤሽ ትናንት ገባ። ሦስት ዓመት የጠፋሽበትን ስንገናኝ እንጨቃጨቅበታለን፤ አሁን ጊዜ የለንም። ዝሆኖቹ በቆሎውን ትተው ሸንኮራውን በልተውታል።

ጽሕፈቱ የኔ እንዳልሆነ አይተሽ ይሆናል። እኔ እናገራለሁ፣ ዋኬሾ ትጽፋለች። እጄን ትንሽ አሞኝ ነው። (እጁን አላመመውም። ዋኬሾ።)

አሁን ወደ ሳጥኗ። አልሞተችም። ድምፅ የሌላት የሚመስልሽ አፏን ስላላገኘሽው ነው። ከገመድ ቀዳዳዎቹ ፈንጠር ብሎ አንድ ለብቻው የተቀመጠ አለ፤ በላዩ «ኮንሶል» የሚል ተጽፏል። ኔትዎርክ እንዳይመስልሽ። ሰማያዊ ጠፍጣፋ ገመድ ነው የሚገባበት፤ ሌላው ጫፉ ላፕቶፕሽ ላይ ይሰካል። ሳጥኗ የምታስበውን ሁሉ በዚያ ገመድ ትነግርሻለች። ፍጥነቱን 115200 ላይ አድርጊው። ስክሪንሽ ላይ የተሰባበረ ፊደልና የጥያቄ ምልክት ከተዝረከረከ ተስፋ አትቁረጪ፤ እየተናገረች ነው፣ ፍጥነታችሁ ነው ያልተገናኘው። ወደ 38400 አውርጂው፤ ካልሆነ ወደ 9600።

ደግሞ የጫንሽው ፋይል ስክሪን ላላቸው ማሽኖች የተሠራው ይመስለኛል። እሱ ተነስቶም ቢሆን የሚናገረው ወደሌለው ስክሪን ነው፤ አንቺ ምንም አትሰሚም። ስክሪን ለሌላቸው የተዘጋጀ ሌላ አለ፣ ስሙ ውስጥ «ሲሪያል» የሚል ቃል ታገኛለሽ። ከቤቱ ራቅ ብለሽ፣ ከዚህ በፊት ከማትሄጂበት ቦታ አውርጂው። ስታወርጂ አብሮ የሚሰጥ ረጅም የማረጋገጫ ቁጥር አለ። ያወረድሽውን ከዚያ ጋር ፊደል በፊደል አስተያዪ። አንድ ፊደል ከተለየ ጣይው።

በየቀኑ ጻፊልኝ፤ ባይሳካም ጻፊ።

ጄፍዋ


ኪሊፊ፣ ማርች 9

ይድረስ ለምዋሊሙ፣

በሰኞው አጭር ማስታወሻዎ ለጠየቁኝ፦ አዎ፣ እበላለሁ። አይ፣ ብዙ አልተኛም። ሰውዬው በራችንን ያውቃል ወይ ያሉኝን ሌላ ቀን እመልስልዎታለሁ፤ አሁን አያስችለኝም።

ፋይሉን ያወረድኩት ከድልድዩ ማዶ ካለ ኢንተርኔት ቤት ነው። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ አንገቱን አስግጎ «ምንድን ነው እንዲህ ከባድ ነገር የምታወርጂው? ፊልም ነው?» አለኝ። «የወንድሜ ሠርግ ቪዲዮ ነው» አልኩት። «ታዲያ ሠርጉን እንዴት ከኢንተርኔት ታወርጂዋለሽ? አልተጋበዝሽም?» አለና ሳቀ። ቀልዱን ነው። ግን እኔ ቁጥሩን ሦስት ጊዜ አስተያየሁት። ልክ ነው። ስወጣ የመጣሁበትን መንገድ ትቼ በጀልባዎቹ በኩል ዞሬ ተመለስኩ።

የኮንሶሉን ቀዳዳ አገኘሁት። በ115200 ዝርክርክ መጣ፤ እንዳሉኝ ስለሆነ ደስ አለኝ። በ38400 ቃል ሆነ። ምዋሊሙ፣ ያቺ ብረት መናገር ስትጀምር ከወንበሬ ተነሳሁ። መስመር በመስመር ወረደ፤ ማስታወሻዋን ቆጠረች፣ ገመዶቿን ቆጠረች። ከዚያ ቆመች። የምትነሳበትን ዲስክ አላገኘሁትም ትላለች፤ ስህተት 19 ትላለች፤ ከዚያ አንድ ምልክት አውጥታ እኔ እንድነግራት ትጠብቃለች። ምን ልንገራት? ፍላሹ እዚያው ተሰክቷል። ከሱ ላይ ነው እኮ እስከዚያ ድረስ የተነሳችው። ስድስት ጊዜ ሞከርኩ፣ ስድስቱንም እዚያው ላይ ነው የምትቆመው።

ማማ ማፔንዚ በርትታለች። ኢንተርኔት ስለሌለን ላፕቶፗን ይዛ ከተማ ትወርድና በስልኳ መስመር ከንዬቩ ጠበቃ ጋር ትጻጻፋለች። ንዬቩ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከመስኮቱ ራቅ ብላ ትቀመጣለች። ትናንት «ሳጥኗ ተነሳች?» አለችኝ። «ግማሽ ድረስ» አልኳት። «ግማሽ ምን ያደርጋል?» አለች።

ምቤዩ


ቮይ፣ ማርች 11

ልጄ፣

ስህተት 19 ነው ስትይኝ ግማሽ ሐሳቤ ቀለለኝ። የታወቀ ነው። ሳጥኗ አልተበላሸችም፣ ፍላሹም አልተበላሸም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳጥኗ መጀመሪያ ፍላሹን ታየዋለች፣ ዋናውን ፕሮግራም ከላዩ አንስታ ለሱ ታስረክባለች። ፕሮግራሙ ከነቃ በኋላ ፍላሹን በራሱ እንደገና ይፈልገዋል። አንዳንድ ፍላሽ ደግሞ ቶሎ አይመልስም። ፕሮግራሙ ይጠራል፣ መልስ ያጣል፣ የለም ብሎ ይቆማል። ፍላሹ ከሁለት ሰከንድ በኋላ ይነቃል፤ ግን የሚሰማው የለም። ስለዚህ አስር ሰከንድ እንዲጠብቅ ታዢዋለሽ።

በመጀመሪያ ፍላሹን ከሰማያዊው ቀዳዳ አውጥተሽ ጥቁሩ ላይ ሰኪው፤ አንዳንዴ ይህ ብቻ ይበቃል። ካልበቃ፣ ስትነሳ ቁጥር ወደ ኋላ የሚቆጥር ዝርዝር ይመጣል። ቆጥሮ ሳይጨርስ 3ን ንኪ። ትእዛዝ የምትጽፊበት ባዶ መስመር ይሰጥሻል። የምትጽፊውን ዋኬሾ በሌላ ወረቀት ላይ በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል ጽፋዋለች። ነጥቦቹን እንዳትረሺ። መጨረሻ ላይ ያለው አስር ሺህ የሚለው ቁጥር አስር ሰከንድ ማለት ነው። ከዚያ ቀጥይ በያት።

አንድ ነገር ልለምንሽ። የሚያስፈራሽን አታስቀሪብኝ። የማላውቀውን ነገር እኔ ከዚህ ሆኜ የባሰ አድርጌ ነው የምስለው።

ጄፍዋ

ምቤዩ፣ ይህን እሱ ሳያውቅ የጨመርኩት እኔ ነኝ። እጁን ሳይሆን ዓይኑን ነው። በጃንዋሪ ሐኪሞች ግራውን ቀደዱለት፣ አልሆነም፤ ቀኙ ሰው ከዛፍ አይለይም። ደብዳቤዎችሽን እኔ ነኝ የማነብለት። ያንን የልጅቷን የሬድዮ ነገር ሳነብለት ተነስቶ ወደ ጓሮ ወጣ፣ ዛፉን እየዳበሰ ቆመ። አንቺ እንደማታውቂ ሁኚ። ዋኬሾ።


ኪሊፊ፣ ማርች 14

ይድረስ ለምዋሊሙ፣

እጅዎ እንዲሻልዎ እጸልያለሁ።

ጥቁሩ ቀዳዳ አልበቃም። ትእዛዙ ሠራ። አስሩን ሰከንድ እየቆጠርኩ ሳለ ሰባት ላይ ስደርስ ፍላሹ መልስ ሰጠ። ከዚያ መጫኑ ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ፍላሹን አውጥቼ እንደገና አስነሳኋት። ተነሳች፤ ግን የተነሳችው ፋየርዎሉ አይደለም። «እንኳን ደህና መጣህ» ብላ የማላውቀውን ሰው ስም ጠራች። የጉዞ ቢሮው አሮጌ ፕሮግራም ውስጧ አለ። ሁለት ጊዜ እንደገና ጫንኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ ያው ሰው ነው የሚነሳው። የጫንኩት የት እንደገባ አላውቅም።

ስለ በሩ የጠየቁኝን ዛሬ እመልሳለሁ። ሰውዬው ቤቱን ያውቀዋል ወይ ብለውኝ ነበር። ያኔ ለመልሱ እርግጠኛ አልነበርኩም። አሁን ነኝ።

ትናንት እሑድ ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ መጣ። ዘበኛችን ምዜ ቶያ ስፌት ትምህርት ቤት ነው ብሎ ሊመልሰው ሞከረ። ሰውዬው አልጮኸም። ንጹሕ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ በወረቀት የተጠቀለለ ዳቦ ይዟል። «ለንዬቩ ነው» አለ። «እዚህ እንዲህ የምትባል የለችም» አለው ምዜ ቶያ። «ግዴለም ሽማግሌ፣ ስጧት። እስከ ሃያ አንድ መጠበቅ አያስፈልግም በሏት። በስልክ ስክሪን ከምታወራኝ ቤቷ ገብታ ብታወራኝ ይሻላል በሏት።» ዳቦውን ደረጃው ላይ አስቀምጦ ሄደ።

ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። ጠረጴዛ ላይ የነበረው ሰውዬ «ዳቦ ማምጣት ወንጀል ነው እንዴ?» አለን። አንዲት ሐዲጃ የምትባል የአስር አለቃ ብቻ ከኋላችን ወጥታ ቁጥሯን በማማ ማፔንዚ መዳፍ ላይ ጻፈችላት።

ንዬቩ ዳቦውን አየችው። ልብሷን አጣጥፋ ፌስታል ውስጥ ከተተች። «የት ልትሄጂ ነው?» አልኳት። «እሱ የማያውቀው ቦታ አለ ወይ ብዬ እያሰብኩ ነው» አለችኝ። በሩ ላይ ተቀምጬ ነው ያደርኩት፤ እሱ እንዳይገባ ይሁን እሷ እንዳትወጣ እኔም አላውቅም።

ሰባት ቀን ቀረን።

ምቤዩ


ቮይ፣ ማርች 16

ምቤዩ ልጄ፣

«እጅዎ እንዲሻልዎ» ያልሽውን ዋኬሾ ስታነብልኝ ድምፅዋ ተቀየረ። የጨመረችውን አስለፈለፍኳት። እንግዲህ ዓይኔ ነው፣ አወቅሽ። አሁን ሌላ ቁም ነገር አለ።

ሳጥኗ ሁለት ማስቀመጫ አላት። አንዷ ከሰሌዳው ጋር የተጣበቀች ትንሽ ናት፤ አሮጌው ፕሮግራም እዚያ ነው። አንቺ የጫንሽው ትልቁ ዲስክ ላይ ነው። ሳጥኗ ስትነሳ የምትሄደው መጀመሪያ ወደ ለመደችው ነው። ልክ ስታበሪያት «ዴል» የሚለውን ቁልፍ ደጋግመሽ ንኪ፤ የውስጥ ማስተካከያዋ ይከፈታል። የመነሻ ቅደም ተከተል የሚለውን ፈልገሽ ትልቁን ዲስክ አንደኛ አድርጊ፣ ትንሿን ጨርሰሽ አጥፊያት። አታስተርፊያት። የማታውቂው ሰው ስም ያለበት ነገር እዚያ ቤት ውስጥ እንዲነሳ አልፈልግም።

አሁን ከሳጥኗ የበለጠ የሚያስጨንቀኝን ልንገርሽ። ይህን ዋኬሾ ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ፣ እኔም ቀኖቹን በጣቴ ቆጠርኩ። ገመዱን የነቀልሽው በፌብሩዋሪ አስራ አንድ ነው። ምስክርነቱ በቪዲዮ ይሁን የተባለው መቼ ነው? ከዚያ በኋላ ይመስለኛል። ቀኑን ፍርድ ቤቱ ነግሮት ይሆናል፤ ስክሪኑን ግን ቤቱ ተቆርጦ ሳለ ሰውዬው እንዴት አወቀ? ራውተሩን ረግመሻል፣ ራስሽንም ረግመሻል። እኔ ግን በራውተሩ የገባ አይመስለኝም። አብሯችሁ ያለ ነገር ነው የሚነግረው።

ፋየርዎሉ ሲነሳ የምትመለከቺው ከውጪ የሚያንኳኳውን ብቻ እንዳይሆን። ከውስጥ ወደ ውጪ የሚሄደውን ዝርዝር ክፈቺ። ማንም ሰው ሳይነካው በራሱ የሚያወራ ዕቃ ካለ ታዪዋለሽ። ካገኘሽው አትዝጊው። ከዘጋሽው ማወቅሽን ያውቃል። ማንም ፊት ስሙን አትጥሪ፣ በኮምፒውተርም አትጻፊ።

ሌላው፣ እዚህ ቤት ሁለት ክፍል ባዶ ነው። ልጆቹ ከሄዱ ወዲህ ዋኬሾ ሽንኩርት ታሰጣበታለች። ሽንኩርቱን ዛሬ አንስታዋለች። ስለ እኛ ቤት በየትኛውም ማሽን ላይ አንድም ፊደል የለም። የተረፈውን አንቺ ትረጂዋለሽ።

ጄፍዋ


ኪሊፊ፣ ማርች 19

ይድረስ ለምዋሊሙና ለማማ ዋኬሾ፣

ይህን ወረቀት በእጇ የምትሰጣችሁ ንዬቩ ናት፤ ምዜ ቶያ እስከ ደጃችሁ ያደርሳታል። መጀመሪያ ውሃ ስጧት፤ ጥያቄው ይቆይ። ጀርባዋን ለበር ሰጥታ አትቀመጥም፣ ስለዚህ ወንበሩን አዙሩላት። ማታ ሬድዮ አትክፈቱ።

ሐሙስ ዕለት ሳጥኗ ተነሳች። ቅደም ተከተሉን ቀየርኩ፣ ትንሿን አጠፋኋት፤ ፋየርዎሉ በመጀመሪያው ሙከራ መጣ። የነቀልኩትን ገመድ ከአምስት ሳምንት በኋላ ሰካሁት። ከዚያ እንዳሉኝ ወደ ውጪ የሚሄደውን ዝርዝር ከፍቼ ተቀመጥኩ። ሴቶቹ ምሳ እየበሉ ነበር፣ ቢሮው ውስጥ ከኔ ሌላ ሰው የለም። የማማ ማፔንዚ ላፕቶፕ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ተቀምጧል፤ ማንም አልነካውም። በየአምስት ደቂቃው አንድ ቦታ ይደውላል። ሁልጊዜ አንድ ቦታ። ሄጄ አንድ መስመር ጻፍኩበት፣ «ዛሬ ሙቀቱ ከባድ ነው» ብዬ። ወዲያው የሚልከው በዛ። ገመዱ ተነቅሎ ሳለም ከተማ ወርዳ በስልኳ መስመር ስትከፍተው ይልክ ነበር ማለት ነው።

በጃንዋሪ ማብሪያው ተበላሽቶ ገበያው ውስጥ ላለ ጠጋኝ ሰጥታው ነበር። ያን ቀን ሦስት ሰዓት አቆይቶባታል፤ የሚጻፍበትን የሚልክ ፕሮግራም ያስገባው ያኔ መሆን አለበት። ጠጋኙ የንዬቩ ባል የልጅነት ጓደኛ መሆኑን ንዬቩን ስጠይቃት ነው ያወቅነው። እሷ ደግሞ ማን እንደጠገነው አታውቅም ነበር። ማማ ማፔንዚ በሰማች ጊዜ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጫማዋን አወለቀች፣ መልሳ አደረገች፣ አወለቀች። «እኔ ራሴ ነኝ ያነበብኩለት» አለች። እየደጋገመች ይህንኑ ብቻ ነው ያለችው። አቀፍኳት።

አልዘጋነውም። የሴቶቹን ጽሑፎች በሙሉ አውጥቼ አንስቻለሁ፤ ካሁን በፊት የወሰደውን ግን ማስመለስ አልችልም። ላፕቶፑ እንደ ወትሮው ተከፍቶ ተቀምጧል። ለጠበቃዋ የሚላከው ደብዳቤም እንደ ወትሮው እየተጻፈበት ነው፤ ንዬቩ ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ከዚሁ ቤት፣ ከፊተኛው ክፍል ትናገራለች ይላል። እውነተኛውን ትናንት ሞምባሳ ወርጄ በወረቀት ለጠበቃዋ በእጇ ሰጠኋት። ዳኛዋም ተነግሯቸዋል። ጠበቃዋ ሰኞ ሦስት ሰዓት በማማ ዋኬሾ ስልክ ትደውላለች። የአስር አለቃ ሐዲጃም ታውቃለች።

እያወቅሁ በር ክፍት ትቼለት ተቀምጫለሁ። ሌሎቹ አስር ሴቶች በጓሮ በኩል ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ይሄዳሉ። እኔ እዚህ እቆያለሁ። አንድ ሰው ከሌለበት ቤቱ ባዶ መሆኑ ከመንገድ ያስታውቃል።

ብሳሳት ምን እንደሚሆን ማሰብ ትቻለሁ። አይ፣ አልተውኩም። ለእናንተ መዋሸት አልፈልግም።

ምቤዩ


ኪሊፊ፣ ማርች 22

ይድረስ ለምዋሊሙ፣

አለሁ። በመጀመሪያ እሱን ልጻፍ፣ ማማ ዋኬሾ ስታነብልዎ እንዳትንተባተብ።

ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ መጡ። ሰውዬው ራሱ ሞምባሳ ዳኛ ፊት መቆም ስላለበት የመጡት ወንድሙና ጠጋኙ ናቸው። ለምዜ ቶያ የኢንተርኔት ድርጅት ሠራተኞች ነን አሉት። ወንድሙ መሰላል ይዟል። በመሰላሉ ላይ በማዳበሪያ ጆንያ የተጠቀለለ ሌላ ነገር አለ። ምን እንደሆነ አይቻለሁ፣ አልጽፈውም። እኔ ፊተኛው ክፍል ላፕቶፑ ፊት ጀርባዬን ሰጥቼ፣ የንዬቩን ሻርፕ ተከናንቤ ተቀምጬ ነበር። የአስር አለቃ ሐዲጃና ሁለት ፖሊሶች ወጥ ቤት ነበሩ። ከበሩ እስከ ወንበሬ ያለው ስምንት እርምጃ ነው። ስድስቱን ሰማሁ።

ሁለቱም እዚያው ተያዙ። ሌላው ጣቢያ ውስጥ የሆነ ነው፣ ስንገናኝ እነግርዎታለሁ። ጠጋኙ ብዙ እየተናገረ ነው አሉን።

እኔ ደህና ነኝ። ሳጥኗ እየሠራች ነው። ንዬቩ እንዴት ሆነች? እባክዎ ሁሉንም ይጻፉልኝ።

ምቤዩ


ቮይ፣ ማርች 23

ልጄ ምቤዩ፣

ዋኬሾ ደብዳቤሽን ስታነብልኝ ስድስቱ እርምጃ ላይ ስትደርስ አቆመች። ውሃ ጠጥታ ነው የጨረሰችው። እግዚአብሔር ይስጥሽ ከማለት ሌላ ምን እላለሁ። ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ልታደርጊ ስትነሺ ግን ቀድመሽ ለኔ እንዳትነግሪኝ፤ ሁለቱን ሌሊት ከዋኬሾ ጋር ተፋጠን ነው ያነጋነው።

ሁሉንም ጻፉልኝ ብለሻል። እኔ የሰማሁትን እናገራለሁ፣ ያላየሁትን ዋኬሾ ትሞላበታለች።

ቅዳሜ ማታ ስትመጣ በሩ ላይ ቆማ «ደብዳቤ ይዣለሁ» ብቻ አለች። ወንበሩን አዞርንላት። ያን ሌሊት ከአምስት ቃል በላይ አልወጣትም። እሑድ ግን ዋኬሾ የቻፓቲ ቂጣ ስትጋግር አይታ «ሊጡ በዛ» አለቻት፤ ዋኬሾ ተቆጣች፣ ሁለቱም ሳቁ።

ሰኞ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በምስር ቆርቆሮ አስደግፈን አቆምነው። ጠበቃዋ ደወለች። ዳኛዋ ስሟን ጠየቋት፣ ተናገረች። ከዚያ ሰውዬውን በስክሪኑ አየችው። ዋኬሾ እንደምትለው ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ ፈገግ ብሏል፣ ደጋግሞም ሰዓቱን ያያል። ንዬቩ ዝም አለች። ጠበቃዋ ጥያቄውን ደገመችላት። ትንፋሿን እሰማለሁ፤ አጭር አጭር ነው። እኔ እጄን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ፣ ሌላ የማውቀው ነገር የለም። ከብዙ ጊዜ በኋላ ጣቶቿ መጡ። እንደያዘችኝ መናገር ጀመረች። አርባ ደቂቃ ተናገረች። የሬድዮኑንም ተናገረችው፤ በራሷ አፍ።

መሃል ላይ አንድ ፖሊስ ገብቶ ለዳኛዋ ወረቀት ሰጠ። የኪሊፊው ነገር ነው። ዳኛዋ አነበቡትና ሰውዬውን ወንድምህ አሁን የት ነው አሉት። ሰዓቱን ማየት ተወ። ዋስትናውን ሰረዙበት። ሲያስሩት ወደ ካሜራው ዞሮ ስሟን ጠራት፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ ቤት ውስጥ እንደሚጠራት ሰው። እጄ ላይ ጥፍሯ ገብቷል፣ ምልክቱ አሁንም አለ።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ «አሁን ያየኛል?» አለችን። «አያይሽም» አለቻት ዋኬሾ። «ተዘግቷል?» «ተዘግቷል።» ትንሽ ቆይታ ደግማ ጠየቀች። ዋኬሾ ስልኩን አጥፍታ፣ ክዳኑን ከፍታ፣ ባትሪውን አውጥታ መዳፏ ላይ አስቀመጠችላት። ባትሪውን ይዛ ተነሳች። የበሩ መቀርቀሪያ ሲሳብ ሰማሁ። ከአምስት ወር ወዲህ ማንም ሳያጅባት በር ከፍታ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ይመስለኛል።

«የት ሄደች?» አልኩ።

«መንገዱ ዳር ቆማለች» አለችኝ ዋኬሾ። ልትመልሳት ስትነሳ ቀሚሷን ያዝኩባት።

«ሰው ያያታል እኮ» አለች።

«እያያት ነው?»

«የሲሳል እርሻው ሠራተኞች እያለፉ ነው። ሰላም ይሏታል።»

«እሷስ?»

ዋኬሾ አንገቷን ወደ በሩ አሰገገች። ከዚያ «እየመለሰች ነው» አለችኝ።

ጄፍዋ